ጋሽ ፍስሐ እንደነበረ ያሠሩት ቤት

ጋሽ ፍስሐ ማረፋቸውን የሰማሁት የአንድ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ ሚስማር በአፌ ይዤ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲጮህ ዝም አልኩት። ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው ሚስማሮቹን መዳፌ ላይ ተፋሁና አነሳሁት። የደወለችው ሕይወት ናት፤ ልጃቸው።

"ገመቹ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ" አለችኝ።

ከጣሪያው ስወርድ አብሮኝ የሚሠራው ግንበኛ "ምን ሆንክ?" አለኝ።

"ጃርሳው ሞቱ" አልኩት፤ ሽማግሌው ማለቴ ነው።

"የትኛው ጃርሳ?"

"ኦቦ እንደነበረ።"

ሰውየው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ። ጉቴ ውስጥ ፍስሐ ብትል የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። ኦቦ እንደነበረ በሚለው ቅጽል ስማቸው ከጠራሃቸው ግን ገበያው ሁሉ ያውቃቸዋል።

እኔ አናጺ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ከነቀምት ብዙም በማትርቀው ጉቴ ነው። ጋሽ ፍስሐ የመጡት ክረምቱ አልፎ መንገዱ እንደደረቀ፣ በጥቅምት ነው። አንድ አይሱዙ ሙሉ ዕቃ ይዘዋል፤ ፍሪጅ፣ ባለመስታወት ቁም ሣጥን፣ ሰው የሚያሰምጥ ትልቅ ሶፋ። ከጋቢናው መጀመሪያ የወረዱት እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ኪስ ላይ ሁለት እርሳስ የሰኩ፣ በብብታቸው የተጠቀለለ ወረቀት የያዙ ሰው። ዞረው እጃቸውን ዘረጉና ባለቤታቸውን፣ እትዬ ጽጌን፣ ቀስ አድርገው አወረዷቸው።

ሶፋው በበሩ አልገባ አለ። በመስኮት ሞከርነው፤ እምቢ አለ። አንዱ ተሸካሚ "በሩን ትንሽ እናስፋው" ቢል ጋሽ ፍስሐ የሰው እጅ ይቆረጥ የተባለ ያህል ደነገጡ። "በሩ አይነካም!" አሉ። ሶፋው በረንዳ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ጣለችበት።

ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ከሸዋ መጥተው ጉቴ ላይ ጸሐፊ ሆነው በኖሩበት ዘመን። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አራት የጥድ ቋሚዎች የተሸከሙት በረንዳ አለው። ታላቅ ወንድማቸው እስኪሞቱ ድረስ ኖረውበት ከዚያ ተዘጋ። ዞሬ አየሁት። ቋሚውን በመዶሻ ነካ ሳደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ስክሩድራይቨር ሳስገባበት እስከ እጀታው ጠለቀ፤ ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። አይጥ ሲሮጥበት ጨርቁ እየረገበ መንገዱን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳይሃል።

"ኦቦ ፍስሐ፣ እውነቱን ልንገርዎት" አልኳቸው። "ይሄ ቤት የቆመው በልማድ ብቻ ነው። አፍርሰን በብሎኬት አዲስ እንሥራልዎት። በሦስት ወር ይገቡበታል።"

"አዲስ አልፈልግም።"

"እሺ፣ ይሄንኑ አሳምረን..."

"አሳምረው አልኩህ? እንደነበረ አድርገው ነው ያልኩህ።"

የተጠቀለለውን ወረቀት ሶፋው ላይ ዘረጉት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አዲስ አበባ፣ ካርታ ሲነድፉ ነው። ቤቱን ከትዝታቸው ነድፈውታል። ልብስ የሚሰቀልበት ሚስማር፣ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀው የደጃፍ ድንጋይ፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ ሁሉም በቀጭን እርሳስ ተጽፏል። ሰውየው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል መሰለኝ። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ እሺ አልኩ።

ምክንያቱን የነገሩኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከጓሮ ያለው ማድ ቤት ጣሪያው ደህና ስለነበረ ሥራው እስኪያልቅ እዚያ ነበር የሚኖሩት። እትዬ ጽጌ ቀኑን ሙሉ ማንጎው ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ንጹሕ ቀሚስ፣ በሥርዓት የተሠራ ጠጉር። ላዩት ሁሉ ሰላምታ የማይነፍጉ ሴት ናቸው። "አካም ቡልተን፣ አዴ ጽጌ" ብዬ እንዴት እንዳደሩ ስጠይቃቸው "ነጋ ጋላታ፣ ልጄ" ብለው ደህና መሆናቸውን ይነግሩኛል፤ የወጣትነታቸው ኦሮምኛ ከአፋቸው አልጠፋም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ይነሣሉ። ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ያደርጋሉ።

"ፍስሐ፣ መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?"

"ነገ፣ ጽጌዬ።"

"ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር" አሉ አንድ ቀን። ጋሽ ፍስሐ ጣውላው ላይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ፒያሳ አርባ ዓመት የኖርንበት ቤት ለመንገድ ፈረሰ" አሉኝ። "መርሳት የጀመራት ከዚያ በፊት ነው። ግን እዚያ ቤት እጇ ያውቅ ነበር። ጨው የት እንዳለ፣ መብራት የት እንደሚጠፋ እጇ ያውቃል። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እጇም ረሳ። ሁለት ጊዜ ጠፍታብኝ ያገኘኋት የፈረሰው ሰፈር ሄጄ ነው። በቆርቆሮ አጥረውታል። እሷ አጥሩን ታንኳኳለች፤ ክፈቱልኝ ትላለች።"

እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ሰኩት።

"ሐኪሙ፣ መጀመሪያ የሚሄደው የቅርቡ ነው፣ የድሮው ይቆያል አለኝ። የእሷ ድሮ ደግሞ እዚህ ነው። ጉቴ ለማስተማር ስትመጣ ነው ያገኘኋት። ተጋብተን ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ኖረናል። ስለዚህ ቤቱ ጭንቅላቷ ውስጥ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ትንሽ ከተለየ አይገጥምም። ገባህ፣ ገመቹ?"

"ገባኝ። ስንት ጊዜ አለን?"

"እሱን ነው ማንም የማይነግረኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላሾፍኩባቸውም። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲስቁም እቆጣ ነበር።

ቀለም ለመግዛት ነቀምት አብረን ሄድን። የበረንዳው ቋሚዎች አረንጓዴ ነበሩ ብለዋል። ባለሱቋ ጫልቱ አንድ በአንድ የቀለም ጣሳ ክዳን እየከፈተች ታሳያቸዋለች። እሳቸው እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ ይዘው ወጥተው አይተው ይመለሳሉ።

"ይሄ የባንክ አረንጓዴ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"ይሄ የክሊኒክ ነው።"

"ኦቦ፣ ቀለም እኮ ሲደርቅ ይለወጣል" አለች ጫልቱ።

"ወደ ምን ይለወጣል?"

"ወደ ሌላ አረንጓዴ።"

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ጋሽ ፍስሐን ከልብ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀለም ቀላቅላ የሚፈልጉትን አገኘችላቸው። የክዳኑን ጠርዝ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጫልቱ የምትጨምረውን ቀልድ ዋጠችው።

በንድፉ ላይ ምሥራቅ በኩል አንድ መስኮት ነበረ። ቤቱ ላይ የለም። "ደፍነውት ይሆናል" ብለው ግድግዳውን ቆረጥን። የተደፈነ መስኮት ምልክት አለው፤ መቃኑ ወይም ጉበኑ ይገኛል። እዚያ ምንም አልነበረም። ማገሩ ከዳር እስከ ዳር ያልተነካ ነው። እስከ ምሽት ድረስ ግራና ቀኝ ብንፈልግ የለም።

"ጽጌ" አሉ ወደ ማንጎው ሄደው፣ "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትገባበት መስኮት በየት በኩል ነበር?"

"እናቴ ቤት ነው እንጂ" አሉ እትዬ ጽጌ። "እዚህ ምን መስኮት አለ?"

ጋሽ ፍስሐ ወደ ቆረጥነው ቀዳዳ ተመለሱ። "ድፈኑት" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ፣ "የኔም ሄዷል ማለት ነው፣ ገመቹ። እኔ ከረሳሁት ለማን ነው የምንሠራው?" አሉ። ጭቃ ማቡካት ጀመርኩ።

ግን ተስፋ ያየንበትም ቀን ነበረ። ጥር ውስጥ ነው። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ እየፋቅሁ እትዬ ጽጌ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ለወትሮው ወደ ውስጥ አይገቡም ነበር። ገቡ። ግድግዳው ላይ እጃቸውን አስደግፈው ዳበሱት።

"እዚህ ጋ ሣጥኑ" አሉ። "ከሣጥኑ በላይ መስታወቱ። መስታወቱ አጭር ነው፤ ፍስሐ ለመላጨት ጎንበስ ይላል።"

ጋሽ ፍስሐ ከጓሮ እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። ንድፉን ዘርግተው ጣታቸውን ቦታው ላይ አደረጉ። ሣጥን፣ ከሣጥኑ በላይ መስታወት። እንደዚያ ነው የተጻፈው። እትዬ ጽጌን አቅፈው አዟዟሯቸው፤ አቧራው ከመሬት ቦነነ። እሳቸው "ኧረ ልቀቀኝ፣ ሰው ያያል!" እያሉ እንደ ሙሽራ አፈሩ።

አሁን የሚመጣውን ስናገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልደብቅም። ቆርቆሮውን አውርደን የበሰበሰውን የጣሪያ ወራጅ እንጨት መቀየር ነበረብን። ጋሽ ፍስሐ አሮጌውን ቆርቆሮ ራሱን መልሰን እንድናለብስ ስለፈለጉ እያንዳንዱን በጠመኔ ቁጥር ጽፈንበታል። የዝናቡ ድምፅ መለየት የለበትም ብለው ነው።

"ግማሹን አንሥተን ግማሹን ብናቆየውስ?" አሉኝ።

"ይጓተታል፣ ኦቦ ፍስሐ። እስከ መጋቢት ጠብታ የለም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እናንሣው።"

ነቀምት፣ ጨለለቂ ውስጥ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር፤ ለዚያ ነው የቸኮልኩት። እሳቸው ቃሌን አመኑ።

በየካቲት ሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ያለን ሸራ አንድ ነው። ሁለት ጫፉን ሳናስር ነፋሱ ነጠቀን። ከዚያ ዘነበ። የጭቃ ግድግዳ ከጎን ቢመታ ይችላል፤ ከአናቱ ውኃ ከገባበት ግን አለቀለት። ደግሞ የዚያ ቤት ማገር ምስጥ የበላው ነው፤ ግድግዳውን አቁሞት የኖረው ደረቁ ጭቃ ራሱ ነው።

ቆርቆሮ ተሸክሜ ስሮጥ ጋሽ ፍስሐን አጣኋቸው። መኝታ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። ጀርባቸውን መስታወቱ ለሚሰቀልበት ግድግዳ ሰጥተው፣ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ግድግዳውን ደግፈውታል። ጭቃው በአናታቸው፣ በትከሻቸው፣ በሸሚዛቸው ውስጥ ይወርዳል።

"ይውጡ! ይወድቃል!" ብዬ ጮህኩ።

"ይዤዋለሁ! አንተ ቆርቆሮውን አልብሰው! ይዤዋለሁ!"

ቆርቆሮውን ጥዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። አልለቅም አሉ። እኚያ ቀጭን ሽማግሌ እንደ ግንድ ከበዱኝ። ጎትቼ በሩ ላይ ስንወድቅ ግድግዳው ከኋላችን ቁጭ አለ። እንደ መናድም አልነበረም፤ እንደደከመው ሰው ቁጭ ነው ያለው።

ጋሽ ፍስሐ ዝናቡ ውስጥ ጭቃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ድምፃቸውን አውጥተው። ሠራተኞቹ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱም "ገመቹ ነው ሁሉንም አንሡ ያለው" አላለም። እሳቸውም አላሉም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ።

እትዬ ጽጌ ከማድ ቤቱ ወጥተው በዝናቡ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። ከእግር እስከ ራስ ጭቃ የሆነ ሰው ነው የሚያዩት። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉላቸው፤ ዓይናቸውን፣ ግንባራቸውን። ጭቃው ለቆ የጋሽ ፍስሐ ፊት ወጣ። እትዬ ጽጌ ያን ፊት አዩት።

"አይዞዎት፣ ወንድሜ" አሉ። "ቤትዎት ነው የፈረሰው?"

እትዬ ጽጌ ባላቸውን አንተ እንጂ እርስዎ ብለው አያውቁም። ጋሽ ፍስሐ ማልቀሳቸውን አቆሙ። ቀና ብለው አዩዋቸው።

"አዎ" አሉ። "ቤቴ ነው።"

"ባለቤት አለዎት?"

"አለችኝ።"

"እንግዲህ እሷ ካለች ምን ሆኑ? ይነሡ፣ ይበርድዎታል።"

ክንዳቸውን ይዘው አስነሡዋቸው።

በማግሥቱ ሥራውን ያቆማሉ ብዬ ነበር። ከኔ ቀድመው ጭድ እየቆረጡ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ፍስሐ ልክ አልነበሩም፤ አይበሉም፣ አይቀመጡም። ሚስማር ስመታ አጠገቤ ቆመው "ቶሎ፣ ገመቹ፣ ቶሎ" ይላሉ። እትዬ ጽጌ አንዳንድ ጠዋት ያውቋቸዋል፣ አንዳንድ ጠዋት አያውቋቸውም። እኔ የጨለለቂውን ሥራ ተውኩት። ወሬው ሲሰማ ሰዉ ደቦ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ነጠላቸውን አጥር ላይ ሰቅለው፣ የጸሎት ቤት ሰዎችም መዝሙራቸውን ጨርሰው መጥተው ጭቃ ረገጡ። እትዬ ጽጌ ያስተማሯቸው፣ ዛሬ ሽበት ያወጡ ሰዎች ማገር አሰሩ። ሰኔ ሳይጋመስ ቤቱ ቆመ። ቆርቆሮው በቁጥሩ ተመለሰ። ቋሚዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ከገበያ ትንሽ መስታወት ገዝተን ከሣጥኑ በላይ ሰቀልን።

እትዬ ጽጌን ይዘው የገቡ ቀን ብዙ ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ጋሽ ፍስሐ ሸሚዝ ቀይረዋል፤ ተላጭተዋል። በሩን ከፍተው ወደ ጎን ቆሙ። እትዬ ጽጌ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ገቡ። ሳሎኑን አዩ። መኝታ ቤቱን አዩ። መስታወቱ ፊት ቆሙ። እኔ ከበሩ ሆኜ አያቸዋለሁ።

ዞር ብለው በትሕትና ፈገግ አሉ።

"ቤትዎት በጣም ያምራል" አሏቸው። "እግዚአብሔር ይባርክልዎት። በሉ እኔ ልሂድ፤ ሰው ይጠብቀኛል።"

ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ወጡ። ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ፍስሐ በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። ይወድቃሉ ብዬ ቀረብኩ። አልወደቁም። ኮታቸውን አንሥተው ተከተሏቸው።

እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ጋሽ ፍስሐ አንድ እርምጃ ከኋላቸው። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ፍስሐ ቀድመው ገቡና ከውስጥ ሆነው በሩን ከፈቱ።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉ። "መንገደኛ ነዎት? ሊመሽ ነው። ዛሬ እዚህ ይደሩ።"

"አላስቸግርም?"

"ቤቱ ሰፊ ነው። ይግቡ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው እትዬ ጽጌ ገቡ።

ያ ክረምት በየቀኑ እንደዚያ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ በዚያ በኩል ሳልፍ አያቸዋለሁ። ዝናብ ቢሆን ጃንጥላ ይዘውላቸው አስፋልቱ ድረስ ወጥተው ይመለሳሉ፤ ከዚያ በር ይከፍታሉ፣ እንኳን ደህና መጡ ይላሉ። አንድ ቀን መቻል አቃተኝና "ጋሽ ፍስሐ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ?" አልኳቸው።

"ገባች እኮ" አሉኝ። "በየቀኑ ትገባለች። እኔ ያሠራሁት እንድትገባ ነው።"

ፊታቸውን ግን ሳይ፣ እንደዚያ ተስፋ የቆረጠ ፊት ዓይቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ እሳቸው ራሳቸው ታመሙ፤ ልባቸው ነው። መንገዱ ለጥቂት ቀን ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሕይወት መጥታ ሁለቱንም ወደ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ጋሽ ፍስሐ መኪናው ውስጥ ሆነው እጄን ያዙኝ። "ጥሩ አድርገህ ነው የሠራኸው" አሉኝ። "እንደነበረ ነው።" እኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እናንሣ ያልኳቸውን ቀን ይቅር እንዲሉኝ ልለምናቸው ነበር። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ሲያልፉም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ለቀብሩ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከቀብሩ ስንመለስ ወደ ሕይወት ቤት ወጣን። አራተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እትዬ ጽጌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነጭ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ለብሰው ሰዉን ያያሉ። ሕይወት ልትነግራቸው አልቻለችም ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩና "አካም ጅርተን፣ አዴ ጽጌ" አልኳቸው። አላወቁኝም፤ ግን ሰላምታዬን መለሱ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ማን ሞቶ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

ሕይወትን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

"አንድ ደግ ሰው ነበሩ" አልኳቸው። "ጉቴ ቤት የነበራቸው።"

እትዬ ጽጌ ትንሽ አሰቡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"እኚያ ማታ ማታ የሚያሳድሩኝ ሽማግሌ ናቸው?"

"አዎ። እሳቸው ናቸው።"

"ውይ" አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አንድ ቀን እንኳ ከደጃቸው መልሰውኝ አያውቁም እኮ።"

ማንም ሳይነግራቸው ነጠላቸውን አውልቀው አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ከዚያም አለቀሱላቸው።